በሽተኛ ምን ያውቃል?

እኛ አገር መታመም የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እናንተ ምናልባት ብቻችሁን ካርድ አውጥታችሁ፣ ሐኪም ፊት ብቻችሁን ቁጭ ብላችሁ «እዚህ ጋ ይወጋኛል» ትሉ ይሆናል፤ ደብረ ታቦር እንዲህ ያለ ድፍረት የለም። እዚህ በሽታ የሥራ ክፍፍል አለው። የታማሚው ድርሻ ማቃሰት ነው፤ ጋቢ ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሲነኩት «እህህ» ማለት። መናገር የአስታማሚ ነው። መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደበላ፣ ሽንቱ ምን እንደሚመስል፣ ከማን ጋር እንደተቀያየመ አብጠርጥሮ የሚያውቀው አስታማሚው ነው። ታማሚው ተሳስቶ «ኧረ ሆዴን ሳይሆን ጎኔን ነው» ያለ እንደሆነ «አንተ አርፈህ ታመም፣ እኛ እናስረዳልሃለን» ይባላል። እሱም አርፎ ይታመማል።

ይህ ዘዴ ለወባ፣ ለወገብ፣ ለአንጀት ክፉ አይደለም፤ ስንቱን አድኗል። ነገሩ የሚበላሸው በሽታው ሐሳብ ውስጥ የገባ ዕለት ነው። ሐሳብን ደግሞ ከባለቤቱ በቀር ማን አይቶት ያስረዳል? «እናስረዳለን» የሚል ግን አልጠፋም። በእኔ ደረሰና አየሁት።

ይርጋ እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰባተኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት አስተምሬያለሁ። አንድ ማክሰኞ ካርታ ሰቅዬ፣ ኬክሮስን በደህና ጨርሼ፣ ወደ ወንድሙ ልሻገር ስል የወንድሙ ስም ጠፋኝ። እጄ ካርታው ላይ ከላይ ወደ ታች እየወረደ መስመሩን ያሳያል፣ አፌ ግን ባዶውን ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት ስጠራው የኖርኩት ኬንትሮስ ጥሎኝ ሄደ። ልጆቹ ሳቁ፤ ልጆች ናቸው፣ እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ስሙን ነገረችኝና ትምህርቱ ቀጠለ። በማግስቱ ግን ጠመኔዬን ይዤ ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ልቤ መደለቅ ጀመረ፤ ላብ በጀርባዬ ወረደ። በደብረ ታቦር ብርድ፣ በጠዋት ያላበው ሰው ካያችሁ ወይ እንጨት ሲፈልጥ ቆይቷል ወይ ሊሞት ነው። እኔ እንጨት አልፈለጥኩም።

አልሞትኩም። ግን በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን በሩ ላይ ስደርስ ያው ሆነ፤ እየደረስኩ እመለስ ጀመር። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ ቢሮው ጠርቶ ሻይ አዘዘልኝና «ሕመም ፈቃድ ውሰድ፤ ከአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት በኋላ ክፍል መግባት ካቃተህ ግን ንብረት ክፍል እናዛውርሃለን» አለኝ። ንብረት ክፍል ማለት የተሰበረ ዴስክ እየቆጠሩ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ሥራ ክቡር ነው፣ አልንቀውም። ዴስክ ግን «መምህር፣ አልገባኝም» አይልም። እኔ ደግሞ በዚህች ዓለም ላይ የምወደው ነገር ቢኖር አልገባኝም ያለ ልጅ ፊቱ ሲበራ ማየት ነው። ያን ዕለት እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው ብዬ ባለቤቴን አስናቀችን ለማታለል ሞክሬ ነበር፣ ሽንኩርት ከትፌ ስለማላውቅ አላመነችኝም።

አስናቀች ወዲያው አያ ተገኘ ዘንድ ደወለች። አያ ተገኘ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከገሳይ ወረድ ብሎ ድንችና ገብስ የሚያመርቱ፣ ሰባውን ያለፉ፣ ዱላቸውን ከእጃቸው፣ ቃላቸውን ከአፋቸው የማይለዩ ሽማግሌ። የቤታችን አፍ እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ስገባ የተናገሩልኝ እሳቸው፣ አስናቀችን የጠየቁልኝ እሳቸው፣ ከጎረቤት ጋር በወሰን ስጋጭ ጉዳዬን ያስረዱልኝ እሳቸው። እኔ በሌለሁበት ብቻ ሳይሆን ባለሁበትም ስሜን አይጠሩም፤ «ልጁ» ነው የሚሉኝ። ጢሜ ሸብቷል፣ ለእሳቸው አሁንም ልጁ ነኝ። በማግስቱ በሚኒባስ ከተፍ አሉና ጉዳዩን ተረከቡ።

መጀመሪያ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰዱኝ። ሰባት ቀን ተዘፈዘፍኩ። ስመለስ ቆዳዬ እንደ ሕፃን ለስልሶ ነበር፣ ወገቤም ተፈታ፤ ልቤ ግን የክፍሉ በር ላይ ስደርስ ያንኑ ዜማውን ቀጠለ። ቀጥሎ ክሊኒክ ሄድን፤ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው አዩና «ልብህ ጤነኛ ነው» አሉ። አያ ተገኘ በዚህ ተናደዱ፤ ያን ያህል መንገድ ተመጥቶ ጤነኛ ነው መባል ስድብ መሰላቸው። በመጨረሻ የንስሐ አባቴ ናቸው የገላገሉኝ። «ጸበሉንም ጠጣ፣ ጸሎቱንም አታቋርጥ፤ ሆስፒታል ደግሞ የሐሳብ ሐኪም አለ ይባላል፣ እሱንም እየው። እግዜር በአንድ በር ብቻ አይገባም» አሉኝ። አያ ተገኘ ካህን ስለተናገረ ዝም አሉ። ዝም ማለታቸውን እንድናስተውል ግን ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሆስፒታል ያገኘነው ሐኪም ሳይካትሪስት ይባላል። ሦስታችን ገባን፣ ሁለቱ ተናገሩ፣ እኔ አቃሰትኩ። ሐኪሙ አገሩን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ አልተደናገጠም፤ አያ ተገኘን አዳምጦ፣ አስናቀችን አዳምጦ፣ በየመሐሉ እኔን እያየ ጻፈ። ከዚያ በሽታው የጭንቀት በሽታ እንደሆነ፣ እብደትም ክፉ ዓይንም እንዳልሆነ፣ እንደሚድንም ነገረን። አንድ ኪኒን አዘዘልኝና «ይህ ልብህን ያረጋጋልሃል፤ ዋናው ሕክምና ግን ንግግሩ ነው፣ ለዚያ ወደ ሳይኮሎጂስቷ እልክሃለሁ» አለ።

«አንተ ሐኪም አይደለህም እንዴ?» አሉ አያ ተገኘ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ በትዕግሥት አስረዳ። እሱ መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ፣ ኋላ በአእምሮ ሕመም ላይ የተካነ ስለሆነ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አታዝም፤ ሐሳብና ጠባይ እንዴት እንደሚሠሩ አጥንታ በንግግርና በልምምድ ታክማለች። ካውንስለር የሚባል ደግሞ አለ፤ ትዳር ሲያንገራግር፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ተማሪ ግራ ሲገባው ያማክራል። ሶሻል ወርከርም አለች፤ እሷ የታማሚውን ቤት፣ ጎረቤቱን፣ ችግሩን አይታ ከሚረዳው ጋር ታገናኘዋለች። እኔ ይህን ስሰማ ራሴ ዞረ። አያ ተገኘ ግን ገጻቸው በራ።

«ገባኝ» አሉ። «መሪጌታ ቅኔ ያስተምራል እንጂ አያናዝዝም። ቄስ ያናዝዛል። ዲያቆን ይራዳል። ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፣ ሁሉም ግን አንድ ሥራ የለውም። አንተ መድኃኒቱን ትቀድሳለህ፣ እሷ ታናዝዛለች። እንደዚያ አትለኝም?»

ሐኪሙ ትንሽ አስቦ «እንደዚያ ይሁን» አለ። እናንተ ልትስቁ ትችላላችሁ፤ እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ሙያተኞቹን የምለየው በአያ ተገኘ ክፍፍል ነው፣ ተሳስቼም አላውቅም።

ሳይኮሎጂስቷ ራሔል ትባላለች፤ ከአዳማ የመጣች፣ ብርዱን ፈርታ ሁለት ሹራብ የደረበች ወጣት ናት። ሐሙስ ቀጠረችንና ሦስታችን ገባን። ስሜን ጠየቀችኝ፤ አያ ተገኘ መለሱ። ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፤ አያ ተገኘ ከአስናቀች ጋር ተከራክረው መለሱ። «ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ምን ይሰማዎታል?» አለችኝ፤ አያ ተገኘ ላቡን፣ ልቡን እንደ ዐይን ምስክር ዘርዝረው፣ ቀደም ብሎም በሦስት ዓመቴ ፈረስ አስደንግጦኝ እንደነበር ጨመሩ። እሷ ሁሉንም ሰምታ፣ አመስግና፣ ቀስ ብላ «አባቴ፣ አሁን ደግሞ እስኪ እሳቸው ራሳቸው ይንገሩኝ» አለች።

አያ ተገኘ ከልባቸው ተገረሙ። «ልጄ፣ በሽተኛ ምን ያውቃል?»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ስናገር አሁንም አፍራለሁ። ራሔል እኔ ብቻ እንድቀር፣ እሳቸውና አስናቀች ውጭ እንዲጠብቁ ጠየቀች። አያ ተገኘ በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። «ያሳደግሁት ልጅ ከእኔ ምን ምስጢር አለው?» አሉ። እሷም የሚነገረው ሁሉ በእሷና በእኔ መካከል እንደሚቀር፣ ሕጓም እንደዚያ እንደሆነ ነገረቻቸው። «ንስሐ ነዋ» አሉ ቆም ብለው፤ «ንስሐ ከሆነ እሺ።» በሩን ይዘው ዞር አሉና «ስግደቱ ስንት እንደሆነ ግን ጻፊለት፣ ይረሳል» ብለው ወጡ።

በሩ ተዘጋ። እኔና ራሔል ቀረን። እናም ጉድ በሉ፣ የምናገረው አጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አርባ አምስት ደቂቃ ሳላቋርጥ የማወራ ሰው፣ ስለ ራሴ አንድ ዓረፍተ ነገር መጀመር አቃተኝ። ስለ ራሴ ያለው ወሬ ሁሉ በሌሎች አፍ ነው የኖረው። እናቴ «ይርጋ ዝምተኛ ነው» ትላለች፣ ዝም እላለሁ። አስናቀች «እሱ ጎመን አይወድም» ትላለች፣ አልበላም። ጎመን እኮ እወዳለሁ። ለራሔል መጀመሪያ የተናገርኩት ይህንኑ ነው፤ ጎመን እወዳለሁ አልኳት። እሷም አልሳቀችም፤ «ሌላስ?» አለችኝ።

ሌላው በሦስተኛው ሐሙስ ወጣ። አባቴ ሲያረጅ መርሳት ጀምሮት ነበር። መጀመሪያ የዕቃ ስም፣ ቀጥሎ የሰው ስም፤ ኋላ ልጠይቀው ስገባ ብድግ ብሎ «ይቀመጡ፣ የማን ልጅ ኖት?» ይለኝ ነበር፣ በትሕትና። አባቴ አንቱ አለኝ። እኛ ቤት «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ የተቀመጠ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ከሞተ ወዲህ ማንም አላነሳውም። ኬንትሮስ የጠፋኝ ዕለት ልጆቹ ሲስቁ እኔ የሰማሁት ሳቅ አይደለም፤ የአባቴን «ይቀመጡ» ነው። ተራዬ የደረሰ መሰለኝና ፈራሁ። ይህን ስናገር እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ሽንኩርት የሚባል ነገርም አላነሳሁም።

ራሔል መጀመሪያ ፈቃዴን ጠይቃ፣ ለሐኪሙ ነግራ የማስታወስ ችሎታዬ እንዲመረመር አደረገች፤ ደህና ሆነ። ከዚያ ሕክምናው ብዙ መንገድ እንዳለው ነገረችኝ። ልጅነትን ቆፍሮ ሥሩን የሚፈልግ አለ። ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስቦ እርስ በእርስ የሚያነጋግር አለ። አንድ ዓይነት ችግር ያለባቸውን አሥር ሰዎች አንድ ክፍል የሚያስቀምጥም አለ። (ይህን የመጨረሻውን ለአያ ተገኘ ብነግራቸው «አሥሩም በሽተኛ? ታዲያ ማን ያስታምማል?» አሉ።) ለእኔ የመረጠችልኝ ግን ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ የሚያርመውን ነው። «ፍርሃት የጎረቤት ውሻ ነው፤ ሲሮጡለት ያሳድዳል፣ ቆመው ሲያዩት ይሰለቸዋል» አለችኝ። ስለዚህ ትንሽ በትንሽ እየቀረቡ መቆም ነው። የምፈራውን ሐሳብ ደብተር ላይ መጻፍ፣ ከጎኑም «ይህ እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ከክፍሉ ስወጣ አያ ተገኘ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተነስተው «ስንት አለችህ?» ይሉኛል። ስግደቱን ነው። ደብተሩን አሳየኋቸው። በየሐሙሱ ከገሳይ እየመጡ ያች አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ የሚናገሩት ስላጡ የሌላ ሰው በሽተኞች ጉዳይ ያስረዱ ጀመር። ነርሷ አንድ ቀን «አባባ ባይኖሩ ወረፋውን ማን ያስተካክልልን ነበር» አለችኝ።

የቤት ሥራው እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ዐሥር ደቂቃ መቆም። ቆምኩ። የሚያልፈው ሁሉ «ደህና ነህ መምህር? ማንን ትጠብቃለህ?» እያለ ዐሥሩ ደቂቃ ሰላምታ ብቻ ሆኖ አለቀ፤ ለመፍራት ጊዜ አልተገኘም። ሁለተኛው ባዶ ክፍል ውስጥ መግባት። ልቤ ደለቀ፣ ቆሜ አየሁት፣ ሰለቸው። ሦስተኛው ለአንድ ሰው ማስተማር። አስናቀች ድንች እየላጠች የአፈር መሸርሸርን አስተማርኳት። እርከን ያልሠራ ገበሬ ምን እንደሚደርስበት ስነግራት «ይህን ለአያ ተገኘ ንገር፣ ቁልቁለቱን ሁሉ ባዶውን ትተውት የለም» አለችኝ። አያ ተገኘ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ወደ ጠብ ተለወጠ፤ እኔ ግን አላላበኝም።

ዕረፍቱ አለቀ፤ ሰኞ መጣ። ራሔል ከፈለግሁ ክፍል ድረስ አብራኝ እንደምትሄድ ነግራኝ ነበር፤ ብቻዬን እሞክረዋለሁ አልኳት። አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችኝ፦ «ቃል ቢጠፋብዎት አይሽሹ፤ ጠፋኝ ይበሉና እዚያው ይቁሙ።» በሩ ላይ ደረስኩ። ልቤ ጀመረ። «እንደምን አደርክ» አልኩትና ገባሁ። ልጆቹ ብድግ አሉ። ከመጨረሻው ዴስክ ደግሞ ከልጆቹ ኋላ፣ ዱላ ተመርኩዞ፣ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ተነሳ። አያ ተገኘ ሌሊቱን ተነስተው መጥተው ርዕሰ መምህሩን አስፈቅደዋል። «ልጁ ብቻውን አይገባም» ብለው።

ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። የዕለቱ ትምህርት የጉና ተራራ ነው፤ ከእሱ ተነስተው ጣና የሚገቡ ወንዞች። ርብን ጻፍኩ፣ ስለ ርብ ተናገርኩ፣ ድምፄ ደህና ነው። «ሁለተኛው ወንዝ ደግሞ» ብዬ ዞርኩ። የለም። ሁለተኛው ወንዝ የለም። ላቡ ከአንገቴ ጀመረ፤ በሩን አየሁት፣ በጣም ቅርብ ነው። ወደ አያ ተገኘ ዓይኔን ወረወርኩ። ያ ወንዝ እኮ የእናታቸው ርስት ዳር የሚወርድ፣ ተወልደው ያደጉበት፣ ውኃውን ጠጥተው የኖሩበት ነው። አፋቸው ተከፈተ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ባለው ሰዓት ነው ስለ እኔ የሚናገሩት። አሁን ግን የጋቢያቸውን ጫፍ ወሰዱና አፋቸው ላይ አድርገው ያዙት።

«ልጆች፣ ጠፋኝ» አልኩ። ከበሩ ዓይኔን ነቀልኩ። «ስሙ ጠፋኝ። ማን ይነግረኛል?»

የሳቀ የለም። ያን ያህል ዘመን የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር፤ ጠፋኝ አልኩና ጣሪያው አልወደቀም። እጆች ወጡ፣ ሃያ ሠላሳ እጅ። ከሁሉም ኋላ አንድ ረጅም የተሸበሸበ እጅ ወጥቷል። ንጉሥ ፊት ቢቆሙ ተራ የማይጠብቁት ሰውዬ፣ ፈቃድ እየጠየቁ ነው።

«እሺ፣ እርስዎ» አልኳቸው።

ብድግ አሉ። «ጉማራ ነው፣ መምህር።»

ዞሬ ሰሌዳው ላይ «ጉማራ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ፤ ዓይኔ እስኪደርቅ ድረስ ፊደሉን ደጋግሜ አደመቅሁት። አያ ተገኘ ግን ተነስተው መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። ጉማራ ክረምት ሲሞላ እንዴት እንደሚያጓራ፣ በየት በኩል እንደሚሻገሩት፣ ደለሉ ለሽምብራ እንዴት እንደሚመች ለልጆቹ ተረኩ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። እኔም ጠመኔዬን ይዤ ሰማሁ። በመጨረሻ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ «አባባ፣ ውኃው ጣና ከገባ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

መልሱን ከእኔ እኩል ያውቁታል። አፋቸውን ከፈቱ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ዱላቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እሱን መምህሩ ይናገር» አሉ።

ተናገርኩ።